የትም የማትሄድ መኪና ማሞቅ

እኛ የዘንድሮ ልጆች ወላጆቻችንን የምንወደው በዕቃ ነው። አትቆጡ፤ ራሴንም ጨምሬ ነው። እናታችንን ጉልበቷን አመማት ሲሉን ሄደን አጠገቧ ከመቀመጥ ይልቅ እግር የሚያሽ ማሽን እንገዛለን። አባታችን መርሳት ጀመረ ሲሉን ስልክ እንቀይርለታለን። ከዚያ በበዓል ቀን ብቅ ስንል ማሽኑን ከነካርቶኑ አልጋ ሥር፣ ስልኩን በመሀረብ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ እናገኘዋለን። የደም ግፊት መለኪያው ደግሞ ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ ጉብ ብሏል። "ለምን አትጠቀሙበትም?" ብለን እንቆጣለን። እነሱም "እንዳይበላሽ ብለን ነው" ይላሉ፤ እኛም ዕቃው ባለመበላሸቱ ደስ ብሎን እንመለሳለን።

በዚህ ነገር እኔ ከሁላችሁም እብሳለሁ። ጳውሎስ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እሸጣለሁ። ሰው "እዚህ ጋ ያመኛል" ሲለኝ እጄ ሳላዘው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ቀስ በቀስ ለሁሉም ነገር መፍትሔው አንድ ቦታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ብዬ የማምን ሰው ወጣኝ። ባለቤቴ ሌንሴ ይህን ጠባዬን "የባንኮኒ በሽታ" ትለዋለች። ስታለቅስ አይዞሽ ከማለቱ በፊት የትኛው ክኒን ይሻላት ይሆን ብሎ ከሚያስብ ባል ጋር መኖር ቀላል እንዳልሆነ እኔም አልክድም።

የማወጋችሁ ስለ ሌንሴ አባት ስለ ጋሽ ፈይሳና ስለ መኪናቸው ነው። ጋሽ ፈይሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከወለጋ መጥተው፣ ቁስቋም ዳገት ላይ ቤት ሠርተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ሚስታቸውን ቀብረው፣ አሁን እዚያው ብቻቸውን ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ቸርች ይሄዳሉ፤ መዝሙር ሲጀመር ግን ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፄ በሸለቆ ማዶ ለማዶ ለመጣራት እንጂ ለዝማሬ አልተሠራም ይላሉ። እኔን የሚጠሩኝ "ዶክተር" ብለው ነው። ዶክተር እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። ማወቃቸውን እኔም አውቃለሁ። እንዲህ እየተዋወቅን ብዙ ዓመት በሰላም ኖረናል።

መኪናቸው በዕድሜ ከሌንሴ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። ድሮ ቡናማ የነበረች፣ አሁን ፀሐይና ዝናብ ቀለሟን ተካፍለው የወሰዱባት የቤት መኪና ናት። ስሟ "ልጅት" ነው። ጋሽ ፈይሳ በየማለዳው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ግቢ ይወጣሉ። ኮፈኑን ከፍተው ውኃና ዘይት ያያሉ። ሞተሩን ያስነሳሉ። እስኪሞቅ ድረስ መስታወቱን በእራፊ ጨርቅ ይወለውላሉ። በመጨረሻ ገብተው ይቀመጡና ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ጉርርር ብሎ እስኪያጓራ ድረስ፣ ረገጥ አድርገው ያጠፉታል። የድሮ ሾፌር የሆነ ዘመድ ያላችሁ ይህን ማጓራት ታውቁታላችሁ። ጥቅሙ ምን እንደሆነ መካኒክ ጠይቄ አንዱም አላስረዳኝም፤ ጋሽ ፈይሳ ግን ሳያጓራ የጠፋ ሞተር ሳይሰናበት የወጣ እንግዳ ማለት ነው ብለው ደምድመዋል።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም የለም። ወደ ቤት ይገባሉ። ልጅት የትም አትሄድም። ከእሑድ በቀር ከግቢ የምትወጣበት ቀን እምብዛም ነው፤ በተረፈ ትሞቃለች፣ መልሳ ትበርዳለች፣ በቃ።

ያለፈው ክረምት ጋሽ ፈይሳን የሳንባ ምች ጣላቸው። ሆስፒታል ተኝተው፣ ከስተው፣ ጋቢው ሰፍቷቸው ወጡ። ሐኪሙ "የጠዋት ብርድ እንዳይነካቸው" ብሎ አስጠነቀቀ። ሌንሴ ይህን በሰማች በዚያው ቅጽበት ፍርዷን ሰጠች፤ አባቷ ቁስቋምን ለቀው እኛ ጋ ሊገቡ ነው። የእኛ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ያውም የላይኛው ፎቅ፤ በመስኮት ሲያዩ የሚታየው የሰው ልብስ ማስጫ ነው።

ጋሽ ፈይሳ ሰምተው ሰምተው "ልጄ፣ እኔ መሬት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰማይ ላይ ወጥቼ ምን እለካለሁ?" አሏት።

ልጅቷ ማን መሰለቻችሁ፣ የእሳቸው ልጅ እኮ ናት። በግትርነት እኩል ናቸው። ብዙ ቀን ተኮራርፈው፣ እኔ በመሃል እንደ መልእክተኛ ስመላለስ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጋሽ ፈይሳ ቤታቸው ይቆያሉ፤ ጠዋት ግን ፀሐይ ሳይሞቅ ከቤት አይወጡም። አንድ ጊዜ ደግመው ከታመሙ ያለ ምንም ክርክር ሻንጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። ተስማሙ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ደፍተው "ልጅትን ታዲያ ማን ያሞቃታል?" አሉ።

ሌንሴ "አባዬ፣ የትም የማትሄድ መኪና ምን ማሞቅ ያስፈልጋታል?" አለቻቸው።

ምሳ ቀረበ፤ አልበሉም። በማግሥቱም ሌንሴ ስትደውልላቸው እህ እህ እያሉ ብቻ ዘጉት። ሰው ስለ መኪና እንዲህ ይከፋል? ይከፋል። ያኔ ነው እንግዲህ እጄ ወደ መደርደሪያ የሄደው።

ከቤት ሆነው ቁልፉን ጫን ሲያደርጉት ሞተር የሚያስነሳ ሪሞት አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። አፈላልጌ ገዛሁት። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ጥቁር ሳጥን፣ የተጠቀለለ ሽቦና ቀይ ቁልፍ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ሪሞቶች ነበሩ። ሌንሴ አይታው ከብዙ ጊዜ በኋላ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም በበኩሌ የባንኮኒ በሽታ ሰው ያድናል ብዬ ኮራሁ።

ሪሞቱን እንዲያስርልን አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚሠራ ቶማስ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይዤ ቁስቋም ወጣሁ። ቶማስ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ የማርሹን ዘንግ አየና ገና ዕቃውን ሳያወርድ ደነገጠ። "ይሄ እኮ ለአውቶማቲክ መኪና ነው የተሠራው። ማርሽ ገብቶ የቆመ መኪና በሪሞት ካስነሳችሁት ይሄዳል። ሾፌር የለውም፣ ግን ይሄዳል።"

"ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገን፣ የእጅ ፍሬን ስበን ብናቆመውስ?" አልኩት።

ጋሽ ፈይሳ ከኋላዬ "የእጅ ፍሬን የሚያምን ሰው ቁስቋም ላይ ምን ይሠራል?" አሉ። እዚያ ሰፈር መኪና የሚቆመው ማርሽ አስገብቶ ነው። ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ነው ያቆሟት። በብዙ ልመና፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ተደርጋ፣ ፍሬኑ ተስቦ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ሥር ደህና ድንጋይ እንዲገባ ተስማሙ። ቶማስም ይህ ካልሆነ እኔ የለሁበትም ብሎ በምስክር ፊት ተናገረ። ምስክሩ እኔ ነበርኩ።

ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ሲፈታው ሽቦው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። የመብራቱም፣ የክላክሱም፣ የሞተር ማስነሻውም፣ ሁሉም ሰማያዊ። ከዓመታት በፊት የጠገናት ባለሙያ በእጁ የነበረው አንድ ጥቅል ሰማያዊ ሽቦ ብቻ ኖሮ፣ ከጫፍ ጫፍ በእሱ ቀይሯት ሄዷል። ቶማስ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ መፈተሻ መብራቱን በጥርሱ ይዞ፣ አንድ በአንድ ሲነካካ ረፋዱ አለቀ። አስሮ ጨርሶ ሪሞቱን ተጫነ። ዝም። ፈታ፣ አሰረ፣ ተጫነ። ዝም። በሦስተኛው ላይ፣ እስከዚያ ድረስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በትዕግሥት ሲመለከቱ የቆዩት ጋሽ ፈይሳ ብድግ አሉና "ፊታችሁን አዙሩ" አሉን።

"ምን?"

"አዙሩ ነው የምላችሁ።"

አዞርን። ከኋላችን የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማን። "አሁን ሞክር" አሉት፤ ልጅት ተነሳች። ለካ መኪና ሌቦች የበረቱ ጊዜ ሞተሩን የሚያቋርጥ ማጥፊያ በምስጢር ቀብረውላት ኖሯል። ቦታውን ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም። ቶማስ አቧራውን እያራገፈ "ጋሼ፣ ጠዋት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?" አላቸው። "አታውቀኝም፣ አላውቅህም" አሉት፤ ልክ ናቸው።

ቶማስ አጠቃቀሙን አስረዳ። ሪሞቱን ሲጫኑ ሞተሩ ይነሳል፤ ሰው መጥቶ በቁልፍ ካላጠፋው ጥቂት ቆይቶ ራሱ ቀጥ ይላል። ጋሽ ፈይሳ በጥሞና አዳምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። "ከቤት ሆኜ ሳስነሳት ድምፇ ይቀንሳል?"

"አይቀንስም ጋሼ፣ ያው ሞተር ነው።"

"ከአጥር ውጪ ይሰማል?"

"እንደ ድሮው ይሰማል።"

"ጥሩ" አሉ። እኔ ደግሞ ጆሯቸው እየደከመ ይሆን ብዬ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ የት እንደሚሸጥ በሐሳቤ መፈለግ ጀመርኩ። በሽታዬን ነግሬያችኋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሌንሴ መጣች። ጋሽ ፈይሳ መኪናዋን ወደ ወትሮ ቦታዋ መለሷትና ወረዱ። በቆርቆሮው አጥር በላይ የጎረቤታቸው የእትዬ አስካለ ነጠላ ብቅ አለ። እትዬ አስካለ በየማለዳው ቁስቋም ማርያም ኪዳን የሚያደርሱ፣ ጾም የማይቀራቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከጋሽ ፈይሳ ጋር በሃይማኖት ነገር አንድም ቀን ተከራክረው አያውቁም፤ ክርክር ካለ የአጥሩ ቆርቆሮ ወደ ማን አዘንብሏል በሚለው ላይ ነው። ተመልካች እንዲህ ከተሟላ ብዬ ሪሞቱን ወደ ላይ አንስቼ ተጫንኩት። ልጅት ከፊቷ ያለው የጎመን መደብ ላይ ዘለለች። ጋሽ ፈይሳ እጃቸው የለመደውን አድርጎ ማርሽ አስገብተው አቁመዋት ነበር፤ ድንጋዩም አልተደረገ። ጎመኑ ተደፍጥጦ፣ ሞተሩ ታንቆ ቀጥ አለ። ማንም አልተጎዳም።

እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ እንዳሉ "ሰው እያላት ብቻዋን ስትነሳ ጊዜ ተቆጥታ ነው" አሉ። ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ድንጋዮቹ ከጎማው ሥር ጠፍተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የክብሬ ዘመን ነበሩ። ጋሽ ፈይሳ በማለዳ ከብርድ ልብሳቸው ሥር እጃቸውን አውጥተው ይጫናሉ፣ ልጅት ትነሳለች። ፀሐይ ግቢውን ሞቅ ስታደርገው ዳግም ያስነሷትና ቀስ ብለው ወጥተው፣ መስታወቷን ወልውለው፣ እንደ ልማዳቸው አንድ ጊዜ አጓርተው ያጠፏታል። ሌንሴ ስትደውል "ከአልጋ ሳትወርድ አሞቅካት?" ትላቸዋለች። "ከአልጋ ሳልወርድ" ይሏታል። እኔ በፋርማሲው መስኮት ለመጣው ሰው ሁሉ አማቴን ከሳንባ ምች እንዴት እንዳዳንኳቸው አወራለሁ። ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው ሙሉ ታሪኩን ሰምቶ ነው ክኒኑን ይዞ የሚሄደው።

አንድ ጠዋት ፋርማሲውን ገና እየከፈትኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም፤ ቁጥሬን የሰጠኋቸውም ለክፉ ቀን ብዬ ነበር።

"ልጄ፣ ጋሽ ፈይሳ ደህና አይደሉም።"

"ነገሩዎት?"

"ኧረ እሳቸው አይናገሩም። መኪናው ተነስቶ ነበር።"

"ከተነሳማ ያስነሱት እሳቸው ናቸው። ደህና ናቸው ማለት ነው፣ እትዬ።"

"ሲጠፋ አላጓራም" አሉኝ። "ትናንትም ፀሐይ ወጥቶ እስከ ማታ ብጠብቅ አላጓራም። ድካም ይሆናል ብዬ ተውኩት። ዛሬም ራሱ ቀጥ አለ። በሩን ባንኳኳ ከውስጥ መጣሁ ይላሉ፤ ግን አይመጡም።"

ጆሮዬ ላይ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ጥቁር ሳጥን መኪና ያስነሳል፤ ነዳጅ መርገጥ ግን አይችልም። ያን ማጓራት የሚያወጣው የጋሽ ፈይሳ እግር ብቻ ነው። ይህን እኔ ዕቃውን ገዝቼ ያሳሰርኩት ሰው አላወቅሁትም፤ እትዬ አስካለ ግን ከአጥር ማዶ ሆነው አውቀውታል።

ሌንሴን ከመሥሪያ ቤቷ አስወጥቻት ቁስቋም ደረስን። የበሩ ትርፍ ቁልፍ እሷ ጋ ነበር። ጋሽ ፈይሳ አልጋቸው ላይ ናቸው። ፊታቸው ቀልቷል፣ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ ግንባራቸው እሳት ነው። ሪሞቱን ደረታቸው ላይ ጨብጠው ይዘውታል። ሲያዩን ያፈሩት ማፈር ከትኩሳቱ ይልቅ እኔን አስደነገጠኝ። ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ፣ የሳንባ ምች ተመልሶ እየጀመራቸው እንደነበርና በጊዜ መምጣታችን እንደበጀ ነገረን። መርፌ ተወጉ፣ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ወደ ቤት ተመለስን። ሌንሴ ገና እንደገባን ሻንጣ አውርዳ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመረች። ስምምነት ስምምነት ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለቻቸው ሸሚዙን እያጠፈች፣ ሳታያቸው።

"ብነግርሽ ትወስጂኛለሽ።"

"እሺ እሱስ ይሁን። እንዲህ እየነደድክ መኪና ታሞቃለህ? ለምኑ ነው?"

ጋሽ ፈይሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንዲያው ሳይዞሩ በደከመ ድምፅ "እናትሽ ያረፈች ሰሞን" አሉ። "አንድ ቀን ባትሪው ሞቶ መኪናዋ እምቢ አለችኝ። ትቼያት ገባሁ። ወዲያው እትዬ አስካለ በሩን አንኳኩ። ነጠላቸውን እንኳ አልደረቡም። መዶሻ አውሱኝ አሉ። ሰጠኋቸው። ከሄዱ በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ማለዳ መዶሻ ምን ሊያደርግላቸው ነው? ለካ ድምፁ ቀርቶባቸው ደንግጠው ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ሆስፒታል ከተኛሁበት ጊዜ በቀር፣ አንድም ቀን አላስቀረሁባቸውም። አሁን ታምሜ ቀጥ ብትል ይደነግጣሉ ብዬ ነው።" ትንሽ አሰቡና እውነቱን ጨመሩበት። "ደግሞም ለአንቺ ይነግሩብኛል ብዬ።"

ሌንሴ የያዘችውን ሸሚዝ ይዛ ሻንጣው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ዕንባዬ መጣ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት እኛ ልጅትን ለልጅት ብለው የሚያሞቋት መስሎን ስንስቅባቸው ኖረናል። ሰውየው ለካ በየጠዋቱ አድሬያለሁ እያሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከመደርደሪያ አንስቼ፣ ሳያድሩም አድረዋል የሚል ዕቃ ገዛሁላቸው።

ቀና ስል እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል። አጥሚት በሳህን ሸፍነው ይዘዋል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም፤ አንገታቸው ሥር ድረስ ግን ቀልተዋል።

"መዶሻውን የእውነቴን ፈልጌው ነበር" አሉ።

ጋሽ ፈይሳ ሳይዞሩ "ምን ሊመቱበት?" አሉ።

እትዬ አስካለ አጥሚቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ሻንጣው አዩ። ወደ ሌንሴም አዩ። ቁጭ እንዲሉ ብንለምናቸውም አልተቀመጡም። "ያ የሚጫነው ነገር" አሉ በመጨረሻ፣ "ሁለት ነው የመጣው ብለሽኝ ነበር።"

"አዎ እትዬ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው።"

"እሱን ለእኔ ስጪኝ።"

ሌንሴ አልገባትም። "ለምን ይሆንዎታል?"

"እኔ ከኪዳን ስመለስ ፀሐይ ግቢውን ሞቅ አድርጎታል፤ ብርድ የለም። ያኔ በአጥሩ በኩል ሆኜ እጫነዋለሁ። መኪናው ሲነሳ እሳቸው ወጥተው አጓርተው ያጥፉት። ካላጓራ እኔ ወዲያው ለእናንተ እደውላለሁ፤ ትናንትን እንደዋልኩት መዋል አይኖርም።" ትንፋሽ ወሰዱና "እሳቸው የያዙትን ደግሞ ውሰዱባቸው" አሉ። "በእሱ ነው ያታለሉኝ።"

ሌንሴ አባቷን አየች። አባቷ ግድግዳውን ትተው ወደ እኛ ዞረዋል። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና ሪሞቱን ሳይጠየቁ ለእኔ ዘረጉልኝ፤ ሲቀበሉት ሙቀቱ ይሰማል። "እንካ ዶክተር" አሉኝ። ሌንሴ አፍንጫዋን እየጠራረገች ያጣጠፈችውን ሸሚዝ መልሳ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ሁለተኛውን ሪሞት ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ከነፕላስቲኩ፣ ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው። እስኪሻላቸው ድረስ እዚያው አብራቸው አደረች እንጂ ሻንጣው ዳግም አልተነሳም።

እንግዲህ ፍረዱ። እኔ ዕቃውን የገዛሁት ጋሽ ፈይሳ ጠዋት ከአልጋ እንዳይነሱ ነበር። አሁን እሱው ዕቃ በየጠዋቱ ከአልጋ ያስነሳቸዋል። እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ አጥሩ ሥር ቆመው ቀይዋን ቁልፍ ጫን ያደርጓታል። ልጅት ትነሳለች። ጋሽ ፈይሳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው (መላጨቱ አዲስ ነው፣ ሌንሴ ናት ያየችባቸው) ይወጡና መስታወቱን ይወለውላሉ፤ ከዚያ ጉርርር። ከአጥር ማዶ በር ሲዘጋ ይሰማል። ስለ ሁኔታው ለቶማስ ስነግረው ለብዙ ሰው ሪሞት እንዳሰረ፣ ለጎረቤት ግን አስሮ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ያለፈው ሳምንት ጋሽ ፈይሳ ራሳቸው ደወሉልኝ። "ዶክተር፣ የሪሞት ባትሪ እናንተ ጋ ይሸጣል?"

"አይሸጥም፣ ግን ፈልጌ አመጣለሁ። ምን ሆነ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው ጠበቁ። ፀሐይ ሞቀ። ልጅት ዝም። ጨርቃቸውን ይዘው ግቢ ወጥተው ቆሙ። አሁንም ዝም። "ልቤ" አሉኝና የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተዉት። ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ ሄደው የእትዬ አስካለን በር አንኳኩ። እትዬ አስካለ በደህናቸው፣ ሪሞቱን በእጃቸው እንደያዙ፣ ብጫነው ብጫነው እምቢ አለኝ እያሉ ከፈቱ።

"እርስዎስ ምን አሏቸው?"

"መዶሻ ይኖርዎታል ወይ አልኳቸው።"

እትዬ አስካለ ገብተው መዶሻውን ይዘው መጡ፤ የጋሽ ፈይሳን የገዛ መዶሻ፣ በዚያ ዘመን ተውሰው ያልመለሱትን፣ እጀታው ላይ ፈይሳ ተብሎ የተቀረጸበትን። ይኸው አሉ።

"ተቀበሏቸው ታዲያ?" አልኳቸው።

"አልተቀበልኩም" አሉኝ ጋሽ ፈይሳ። "እርስዎ ጋ ይቆይ፣ ሌላ ቀን ያስፈልገን ይሆናል ብዬ ትቼው መጣሁ።"